አረቄ ደም ያቀጥናል? ለጠጪም ለቤተሰቡም የደም መርጋት መመሪያ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉት አረቄ ቤቶችም ሆነ ከማንኩሳና ከጅጋ ወደ ውስጥ ገባ ባሉት ቀበሌዎች፣ ጠጪን ቀንስ ብሎ የሚመክር ሰው የተለመደ መልስ ይጠብቀዋል። አረቄ ብርድ ያወጣል፣ የበሉትን ይፈጫል፣ ደምም ያቀጥናል ይባላል። ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ መለኪያ መገልበጥ እንደ መድኃኒት የሚቆጠርበት ቤት ጥቂት አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለጊዜው እንተዋቸው። ሦስተኛው ግን ሰው ሊገድል የሚችል ግማሽ እውነት ነው።

እውነት የሆነው ግማሹ ይህ ነው፦ ጥቂት አልኮል ደም ውስጥ ሲገባ፣ ቁስል ሲደፈን የሚሰባሰቡት አርጊ ሕዋሳት እርስ በርስ የመጣበቅ አቅማቸው ለጥቂት ሰዓታት ይቀንሳል። ሐሰቱ የሚጀምረው መለኪያው ሲደጋገም ነው። ብዙ የጠጣ ሰው አልኮሉ ከሰውነቱ እየወጣ ሲሄድ፣ በማግስቱ ማለት ነው፣ እነዚያው ሕዋሳት ከወትሮው በላይ ተጣባቂ ሊሆኑ ይችላሉ። የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያግደው ፕሮቲንም አብዝተው በሚጠጡ ሰዎች ደም ውስጥ ከፍ ይላል። ስለዚህ ያው ሰው ማታ ቢወድቅና ቢቆስል ደሙ አልቆም ይላል፤ በማግስቱ ደግሞ መርጋት በማይገባው ቦታ ሊረጋበት ይችላል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አይገጥሙም ብሎ የሚያስብ ካለ፣ በመጠጥ ጉበቱ የተጎዳ ሰው ያጋጠመውን ሐኪም ይጠይቅ።

ደም በሦስት መንገድ ይረጋል

ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሾ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ስለ ደም መርጋት የጻፈው ዛሬም በሕክምና ትምህርት ቤት ይጠቀሳል። ደም ያለ ቦታው የሚረጋው ፍሰቱ ሲዘገይ፣ የደም ሥሩ ግድግዳ ሲጎዳ፣ ወይም ደሙ ራሱ ለመርጋት ሲያደላ ነው። ከባድ መጠጥ ሦስቱንም ይነካል። የሰከረ ሰው እግሩን አጣጥፎ በአንድ ጎኑ ሰዓታት ይተኛል፤ ጤነኛ ሰው በእንቅልፉ የሚገላበጠውን ያህል እንኳን አይገላበጥም። አልኮል ሰውነት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዘውን ሆርሞን ስለሚያፍን ሽንት ይበዛል፣ አፍ ይደርቃል። መውደቅና መጋጨትም አለ። በተሰበረ እግር ላይ ጀሶ ታስሮ ስድስት ሳምንት መተኛት ደግሞ የታወቀ የደም መርጋት መንስኤ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። መጠጥ በቀጥታ የእግርን ደም ሥር ያስረጋል ወይ በሚለው ላይ የተደረጉት ጥናቶች አንድ ዓይነት መልስ አላመጡም። ማስረጃው የጠነከረው በልብ፣ በአንጎልና በጉበት ላይ ነው።

ልብን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካዊው የልብ ሐኪም ፊሊፕ ኤቲንገርና ባልደረቦቹ፣ ከበዓልና ከሳምንት መጨረሻ ከባድ መጠጥ በኋላ የልብ ምታቸው ተዛብቶ ሆስፒታል የሚገቡ ሰዎችን መዝግበው ሁኔታውን የበዓል ልብ ብለው ሰየሙት። ምቱ የተዛባ ልብ የላይኛው ክፍሉ በደንብ አይኮማተርም፤ ይንቀጠቀጣል እንጂ። በዚያ የተኛ ደም ይረጋል፤ የረጋው ቁራጭ ተነሥቶ ወደ አንጎል ሲወጣ ስትሮክ ይሆናል። ሐምሳ አምስት ቀን ጾሞ ፋሲካ ሲደርስ በሁለት ቀን ውስጥ ጠላውንም አረቄውንም ጠጁንም የሚያደባልቅ ሰው፣ ኤቲንገር ከገለጻቸው ሕሙማን ብዙም የራቀ አይደለም። በእኛ አገር ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ። በልጅነት በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው ሩማቲክ የልብ በሽታ ብዙ ነው። የልብ በራቸው የጠበበባቸው ሰዎች ገና በጉልምስናቸው የልብ ምታቸው ይዛባል፤ በዚያ ላይ መጠጥ ሲጨመር አደጋው ይደራረባል።

ጉበት ሌላው ነው። ደም የሚያረጉትንም ሆነ መርጋትን የሚያግዱትን አብዛኞቹን ፕሮቲኖች የሚሠራው ጉበት ነው። ለዓመታት በመጠጥ ሲጠነክር ሁለቱም ወገኖች ያንሳሉ፤ በዚያ ላይ ከአንጀት ወደ ጉበት የሚገባው ትልቅ የደም ሥር ፍሰቱ ይዘገይና ውስጡ ይረጋል። ሆድ በውሃ ይነፋል፣ ደም ማስመለስ ይከተላል። የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰው ሲጠጣ እዚህ ደረጃ የሚደርሰው በፍጥነት ስለሆነ፣ አዘውትሮ የሚጠጣ ሁሉ የዚህን ቫይረስ ምርመራ አንድ ጊዜ ማድረጉ ተገቢ ነው።

መጀመሪያ፣ የሚጠጡትን ይቁጠሩ

እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ በተደረገ ጥናት ከአዋቂ ኢትዮጵያውያን ከመቶ 40 የሚሆኑት ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ አልኮል ጠጥተው ነበር። መጠጣት ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። የዓለም ጤና ድርጅት ከባድ መጠጥ የሚለው በአንድ መቀመጫ 60 ግራምና ከዚያ በላይ ንጹህ አልኮል መውሰድን ነው።

ይህ ቁጥር በእኛ መጠጫ ሲመነዘር እንዲህ ይሆናል። ከዳጉሳና ከበቆሎ የሚወጣው ተራ አረቄ 35 ከመቶ ገደማ አልኮል ይይዛል፤ ዳግም የተቀዳው 45 ከመቶ ገደማ ይደርሳል። አማካዩን 40 ብንይዝ፣ 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ መለኪያ 16 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አለባት። አራት መለኪያ ሲሞላ ወሰኑ ታለፈ። ጠላ እንደ ጠማቂዋ ይለያያል፤ የቀጠነው 2 ከመቶ፣ ጠንካራው 6 ከመቶ ሊሆን ይችላል። መካከለኛ ጠላ ሁለት ሊትር የጠጣ ሰው ከአራቱ መለኪያ ጋር እኩል ነው። ጠጅ 10 ከመቶ ከሆነ ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርሌ ሦስት ጊዜ ሲሞላ እዚያው ይደርሳል። ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ አንዱ 13 ግራም ነው፤ በአምስተኛው ወሰኑ ይታለፋል። ብዙ ሰው ጠላን ከመጠጥ አይቆጥረውም፤ ስሌቱ ግን ይቆጥረዋል።

ችግሩ ማኅበርና ሰንበቴ ላይ፣ ተዝካርና ሰርግ ላይ ጠጪው ራሱ አይቀዳም። ጣሳው ሳይጎድል ይሞላል፤ በሞቴ ይባላል፤ ስንት እንደጠጣ የሚያውቅ የለም። ቀላሉ ዘዴ የበቆሎ ፍሬ ነው። ከቤት ሲወጡ አሥር ፍሬ ግራ ኪስዎ ይክተቱ፤ አንድ መለኪያ ወይም አንድ ጣሳ በጨረሱ ቁጥር አንዱን ወደ ቀኝ ያዛውሩ። ማታ ቀኝ ኪስዎን ይቁጠሩና ይጻፉ። ለአንድ ወር ከጻፉት በኋላ ለሐኪም የሚነግሩት ቁጥር ይኖርዎታል፤ አልፎ አልፎ እቀማምሳለሁ ከሚለው መልስ እጅግ ይሻላል።

ከዚያ አልፎ ራሱን መመዘን የሚፈልግ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን፣ አውዲት የሚባለውን አሥር ጥያቄ ያለውን መጠይቅ ሊሞላ ይችላል። ጠቅላላ ነጥቡ 40 ሲሆን 8 እና ከዚያ በላይ ጎጂ አጠጣጥን፣ 20 እና ከዚያ በላይ ሱስን ያመለክታል።

ሁለተኛ፣ አደጋው ከሚያይልባቸው ወገን መሆንዎን ይመርምሩ

አምስት መለኪያ ለሁሉም ሰው እኩል አይከፋም። ቀድሞ ደም የረጋበት ወይም ከቅርብ ዘመዶቹ ይህ የደረሰበት፣ የልብ በር ወይም የልብ ምት ችግር ያለበት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ እግሩ በጀሶ የታሰረ፣ ካንሰር ያለበት፣ ኢስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ፣ ሲጋራ የሚያጨስ፤ እነዚህ ሁሉ ከመጠጡ በፊትም ደማቸው ለመርጋት የቀረበ ነው።

አራስን ለይቶ ማንሣት ይገባል። ከወሊድ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት ለእናት የደም መርጋት አደጋው ከእርግዝናው ጊዜም የሚበልጥባቸው ናቸው። የአራስ ቤት ልማድ እናትን ማሳረፉና ማብላቱ ግሩም ነው፤ ከአልጋ እንዳትወርድ ማድረጉ ግን ይጎዳታል። ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትበል፣ ውሃ በደንብ ትጠጣ። ያጠነክርሻል እየተባለ የሚሰጥ አረቄ ደግሞ ለእሷም ለሚጠባውም ልጅ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ምልክቶቹን ከሌላ በሽታ ይለዩ

በምዕራብ ጎጃም ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብሎ ማየት ይጠይቃል።

በዚህ አካባቢ ያበጠ እግር አዲስ ነገር አይደለም። በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ፣ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ፣ የጎጃምን ገበሬ የሚያሰቃይ የቆየ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስና በምዕራብ ጎጃም ደምበጫ ወረዳዎች የተካሄደ ጥናት ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች 3.3 ከመቶ የሚሆኑት ይህ በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። ስለዚህ የአንድ ሰው እግር ድንገት ሲያብጥ ቤተሰቡ ዝሆኔ ጀመረው ብሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ ውድ ቀናትም በዚሁ ያልፋሉ።

ልዩነታቸው ግን ይታያል። ዝሆኔ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። ከጣቶችና ከእግር መዳፍ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ከሌላው ቢብስም ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ ቆዳውም እየጠነከረና እየሻከረ ይሄዳል። የረጋ ደም በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገለጻል። በአብዛኛው በአንድ እግር ብቻ ነው፤ ባት ወይም ጭን ላይ ይከብዳል፣ ሲነኩት ያማል፣ ከሌላኛው እግር ይልቅ ይሞቃል። መቅላቱ በጥቁር ቆዳ ላይ ላይታይ ስለሚችል በዓይን ብቻ አይፍረዱ። ክር ይውሰዱና ከጉልበት በታች አራት ጣት ያህል ወርደው ሁለቱንም ባት በየተራ ይለኩ። ልዩነቱ ሦስት ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ መታየት አለበት። ዝሆኔ ያለበትም ሰው ቢሆን፣ የለመደው እግሩ በአንድ ሌሊት ከተለወጠ ያው ነው፤ ይሂድ።

ሁለተኛው ማሳሳቻ ውጋት ነው። ጎን ሲወጋና ትንፋሽ ሲያጥር ውጋት ነው ወይም መጋኛ ነው ተብሎ ትኩስ ነገር ማጠጣት፣ አልፎም አረቄ መስጠት የተለመደ ነው። ከእግር የተነሣ የረጋ ደም ሳንባ ሲደርስ የሚሰማው ግን ልክ ይህ ነው፦ ድንገት የሚጀምር የትንፋሽ ማጠር፣ አየር ሲስቡ የሚብስ የደረት ውጋት፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ አንዳንዴ ደም የቀላቀለ ሳል፣ ወይም ራስን ስቶ መውደቅ። እግሩ ካበጠ በኋላ እንዲህ የሆነ ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የሳንባ ምችም የጎን ውጋት ያመጣል፤ ያም ቢሆን ሐኪም የሚያየው እንጂ ቤት የሚያሳልፉት አይደለም።

ስትሮክን ለመለየት ሦስት ነገር ይበቃል። ፈገግ እንዲል ይጠይቁት፤ አፉ ወደ አንድ ወገን ይዞራል? ሁለት እጁን ዘርግቶ እንዲያነሣ ይንገሩት፤ አንዱ ይወርዳል? ስሙንና የቀበሌውን ስም እንዲናገር ያድርጉ፤ ምላሱ ይተሳሰራል? የሰከረ ሰው ላይ ይህ አስቸጋሪ መሆኑ አይካድም፤ ስካርም ምላስ ያስራል። ስካር ግን ግራና ቀኝን አይለይም። አንድ ወገን ብቻ የሰነፈ ሰው ሰክሮ ነው ይተኛበት ተብሎ እስከ ጠዋት አይተውም።

አራተኛ፣ ከነዚህ አንዱን ካዩ

መጀመሪያ ማድረግ የሌለብዎትን ይወቁ። ያበጠውን እግር አያሹ፣ አያሳሹም። ወጌሻ ለወለምታና ለስብራት የተከበረ ሙያ አለው፤ የረጋ ደም ያለበትን ባት ሲያሽ ግን ቁራጩን ከቦታው አንቅሎ ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላል። አረቄ አይቀቡበት፣ ለታማሚውም አያጠጡ። አስፕሪንም ከሱቅ ገዝተው አይስጡ። ስትሮክ ከመርጋትም ከደም ሥር መፈንዳትም ይመጣል፤ ከባድ መጠጥ ሁለቱንም ያባብሳል፤ በሲቲ ስካን ሳይታይ የትኛው እንደሆነ አይለይም። ደም እየፈሰሰው ላለ አንጎል አስፕሪን መስጠት እሳት ላይ ጋዝ ማፍሰስ ነው። ጸበል የሚወስዱ ቤተሰቦች መውሰዳቸውን ማንም አይከለክልም፤ ሐኪሙ ግን ይቅደም።

ከዚያ ወደ ጤና ተቋም። ታማሚው በእግሩ አይሂድ፣ በቅሎ ላይም ሰዓታት አይቀመጥ፤ መኪና እስኪደርስ በቃሬዛ ይውሰዱት። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችም የየራሳቸው አምቡላንስ አላቸው። ከገጠር ቀበሌ የሚነሣ ሰው በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ገብቶ ሪፈር ሊጻፍለት ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ያጠረው ወይም ፊቱ የተጣመመ ሰው ግን ቢቻል በቀጥታ ሆስፒታል ይግባ፤ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሆስፒታል አለ። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ይላካል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በየጊዜው መንገድ የሚዘጋበትን አካባቢ ነዋሪ ነገ ይሻለው ይሆናል ብሎ ማደር ይበልጥ ይጎዳዋል። መንገድ ክፍት ባለበት ሰዓት ይነሡ።

ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ሦስት ነገር ሳይጠየቁ ይናገሩ፦ ምልክቱ ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረ፣ ስንት እንደሚጠጡና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደጠጡ፣ ምን መድኃኒት ወይም ምን የባህል ሥር እንደወሰዱ። ሚስት ፊት ወይም ቄስ ፊት መጠጡን መናገር ያሳፍራል፤ ለብቻዬ ላነጋግርዎት ማለት ይቻላል። የመጠጡ መጠን የሚያስፈልገው ለመውቀስ ሳይሆን የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን ለመወሰን ነው።

ሐኪሙ እግሩን በዶፕለር አልትራሳውንድ ያያል። መርጋቱ ከተረጋገጠ ብዙውን ጊዜ ሔፓሪን የሚባለው መርፌ ይጀመራል፤ ቀጥሎ ዋርፋሪን ኪኒን ይመጣል፤ ሕክምናው ቢያንስ ሦስት ወር ይቆያል። እግሩ በሳምንት ቀለለኝ ብሎ ማቋረጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ መርጋቱም ተመልሶ የሚመጣው በዚሁ ነው።

ደም ማቅጠኛ ኪኒን ለጀመሩ

ደም የሚያቀጥነው እንግዲህ ዋርፋሪን ነው፤ አረቄው አይደለም። ሁለቱን አብሮ መውሰድ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። በአንድ ቀን ብዙ መጠጣት የዋርፋሪንን ኃይል ድንገት ከፍ ያደርገዋል፤ ድድ ይደማል፣ ሽንት ይቀላል፣ ሰገራ ይጠቁራል፣ የወደቀ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ይፈስሰዋል። በየቀኑ ለዓመታት መጠጣት ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ጉበት መድኃኒቱን ቶሎ ቶሎ እየሰበረ ኃይሉን ያሳንሰዋል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚለካው ቁጥር አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወርዳል፤ መድኃኒቱ ሠራ አልሠራ ማወቅ ይቸግራል።

ያ ቁጥር አይኤንአር ይባላል። ለአብዛኛው የደም መርጋት ታማሚ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። መጀመሪያ ላይ በየጥቂት ቀኑ፣ ሲረጋጋ በየወሩ ገደማ ይለካል። ምርመራው በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ የትና መቼ እንደሚለኩ ከሆስፒታል ሳይወጡ ይጠይቁ፤ የትራንስፖርቱንም ወጪ ያስቡበት።

ጎመንም ከዚህ ይገባል። ሐበሻ ጎመን ዋርፋሪን የሚያዳክመው ቫይታሚን ኬ በብዛት አለበት። ጎመን መብላት አልተከለከለም፤ የሚጎዳው ድንገት መለወጡ ነው። ጾም ሲገባ ጎመን በየቀኑ፣ ጾም ሲፈታ ሥጋና መጠጥ፤ በሁለቱም ጊዜ ቁጥሩ ይናወጣል። ጾም ከመግባቱም ከመፈታቱም በኋላ በሳምንቱ አንድ ጊዜ መለካት ብልህነት ነው። ዋርፋሪን ጽንስ ስለሚጎዳ፣ ልታረግዝ ያሰበች ወይም የወር አበባዋ የዘገየ ሴት ቀድማ ለሐኪሟ ትንገር።

መቀነስና ማቆም፦ በአንድ ጊዜ መጣል ሁሌም አይመከርም

አልፎ አልፎ ግን አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ዛሬውኑ ቢያቆም ምንም አይሆንም። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና አንድ መለኪያ ሳይወስድ የማይረጋጋ ሰው ግን የተለየ ነው። በአንድ ጊዜ ካቆመ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል። ከሁለት እስከ አራት ቀን ውስጥ ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየትና ከባድ ትኩሳት ይከተላሉ፤ ይህም ይገድላል። ሰይጣን ያዘው ተብሎ የሚታሰር ሰው አንዳንዴ አረቄ የቀረበት ሰው ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ሆስፒታል ገብቶ በዲያዜፓምና በቫይታሚን ቢ1 እየታገዘ ያቁም። የሥነ አእምሮ ክፍል መላክ እብደት ማለት አይደለም፤ የመጠጥ ሱስ የሚታከመው እዚያ ስለሆነ ነው። ወደ ሆስፒታል መሄድ እስኪችል ድረስ ደግሞ በየጥቂት ቀኑ አንድ መለኪያ እየቀነሰ፣ እህል እየበላ፣ ውሃ እየጠጣ ይቆይ፤ ብቻውንም አይደር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ለጤና ጉዳት የማያመጣ የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ለአንድ የቡሬ ገበሬ ይህ የሩቅ አገር ንግግር ሊመስል ይችላል፤ ማኅበር ሳይጠጣ አይታለፍምና። ቢያንስ ግን ጠዋት በባዶ ሆድ የሚወሰደውን መተው፣ በሳምንት ሦስት ተከታታይ ቀን ጨርሶ አለመጠጣት፣ በአንድ መቀመጫ ከሁለት መለኪያ አለማለፍ ይቻላል። ደም የረጋበት፣ የልብ ምቱ የተዛባ ወይም ጉበቱ የተጎዳ ሰው ግን ከዚህ ድርድር ውስጥ የለበትም፤ ለእሱ አንድም ብዙ ነው።

ለሚደግስ፣ ለሚጓዝ

ድግስ ላይ ኃላፊነቱ የጠጪው ብቻ አይደለም። ቀሪቦና ቡቅሪ ከጠላው እኩል ይቅረቡ፤ ልመናው ለእህል ይሁን። የማልጠጣው ሐኪም ከልክሎኝ ነው ያለን ሰው ሁለተኛ አይለምኑት። የሰከረን እንግዳ በጎኑ ያስተኙት፣ እግሩን ይዘርጉለት፣ በየሰዓቱ ይቀስቅሱና ያገላብጡት፣ ሲነቃ ውሃ ይስጡት። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው።

ከቡሬ እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ቀኑ በመቀመጥ ያልቃል። ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ብቻውን የእግር ደም እንዲረጋ መንገድ ይከፍታል። ዋዜማውን ጠጥቶ ያደረ ሰው ውሃ እንደጠማው ነው የሚሳፈረው። ሽንት እንዳይመጣ ብሎም ውሃ አይጠጣም፤ የበለጠ ስህተት ነው። ውሃ ይያዙ፣ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ይውረዱና ይራመዱ፤ ተቀምጠውም ቢሆን ተረከዝዎንና ጣትዎን በየግማሽ ሰዓቱ ያንሡ ያውርዱ። በደረሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ እግር ካበጠ ድካም ነው ብለው አይለፉት።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ያድርጉ። 907ን፣ የወረዳዎን አምቡላንስ ቁጥርና የቀበሌዎን ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስልክ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ቤት ውስጥ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይለጥፉት፤ ማንበብ የሚችለውን ልጅዎንም ያሳዩት።